ኦፕት አውት፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔና የወግ አጥባቂዎቹ ጥቅል

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ወላጆች ስኩል ቦርዱን በፍርድ ቤት ከረቱ ወዲህ በየደብሩ የሚወራው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ «መጻሕፍቱ ታገዱ» ይላል፣ ሌላው «ልጅን ከፈለጉት ክፍል ማስወጣት ይቻላል» ይላል። እውነቱ የቱ ነው? ደግሞስ ይህን ያስገኙልን ወግ አጥባቂዎቹ ከሆኑ፣ ድምፃችንን ለእነሱ ብንሰጥ ጉዳቱ ምንድን ነው?

መልስ፣ ከሮክቪል፦
ሁለቱም ወሬ ልክ አይደለም። ካውንቲው በ2022 የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችና ትራንስጀንደር ልጆች የሚገኙባቸውን የተረት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ አስገባ። አንዱ የአንዲት ትንሽ ልጅ ታሪክ ነው፤ አጎቷ ወንድ ጓደኛውን ሊያገባ ነው። መጀመሪያ ላይ ለወላጅ ይነገር ነበር፣ ልጅም መውጣት ይችል ነበር፤ ኦፕት አውት የሚሉት ይህን ነው። በማርች 2023 ቦርዱ ይህን አስቀረ። ሮክቪል ላይ ሙስሊሙም የእኛ ኦርቶዶክስም ሰልፍ የወጣው ያኔ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 የወሰነው፣ ክሱ እስኪቋጭ ድረስ መጻሕፍቱ ከመነበባቸው በፊት ወላጅ እንዲያውቅና ልጁ እንዲወጣ ነው። መጽሐፍ አልታገደም።

ጥያቄያችሁን በኢሜይል ለርእሰ መምህሩም ለክፍሉ መምህርም ላኩ፤ በስልክ ያላችሁት ነገ ማስረጃ አይሆናችሁም። የልጁን ስምና ክፍል፣ ተቃውሞው በእምነት ምክንያት መሆኑን፣ አስቀድሞ እንዲነገራችሁና ልጁ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ እንዲሰጠው መፈለጋችሁን ጻፉ። እምነቱን መጥቀስ ግድ ነው፤ ፍርዱ የቆመው በሃይማኖት ነፃነት ላይ ስለሆነ «አልወደድኩትም» አይበቃም። ነገር የሚበላሸው «ስለዚህ ጉዳይ ምንም እንዳይሰማ» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ውሳኔው የሚመለከተው ትምህርቱን ነው፤ የክፍል ጓደኛው ስለ ሁለት እናቶቹ እንዳያወራ ማንም አይከለክለውም። የወሲብና የሥነ ተዋልዶ ትምህርት (ሴክስ ኤድ) ደግሞ ሌላ ነው፤ ከዚያ ልጅን ማስወጣት በሜሪላንድ ድሮም ይቻል ነበር።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦
ስለ ኦፕት አውቱ የምጨምረው የለኝም። እኔ ተራማጅ ነኝ፣ በተቃውሞ የጻፉት ዳኛ ሶቶማየርና ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ ቢሆንም ፍርዱ ፍርድ ነው፣ ወላጅ ይጠቀምበት። የድምፁ ጉዳይ ግን ሌላ ሒሳብ አለው።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቦታ የሚከለክለውን አድልዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘረዝራል፦ ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ፆታ፣ የትውልድ አገር። እኛ «ሃይማኖት» እና «የትውልድ አገር» በሚሉት ገብተናል። ጌይ ሠራተኛ በ2020 በቦስቶክ ውሳኔ «ፆታ» በሚለው ገባ። ውሳኔውን የጻፉት ትራምፕ የሾሟቸው ዳኛ ጎርሰች ናቸው፤ ወንድ ያገባች ሴት ሳትባረር ወንድ ያገባ ወንድ ከተባረረ፣ ልዩነቱ የሠራተኛው ፆታ ነው አሉ። በ2023 ደግሞ በግሮፍ ጉዳይ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው፣ አሠሪ የሃይማኖት ፈቃድ የሚከለክለው ከባድ ወጪ እንደሚያመጣበት ካሳየ ብቻ ነው አሉ። ለስቅለት ወይም ለጃንዋሪ 7 ገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የሚይዘው ይህን ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ለሌላው የሚያጠብ ለእኛም ያጠበዋል።

የአቤቱታው አሠራርም ለእኛም ለእነሱም አንድ ነው። ድርጅቱ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካለው አቤቱታው ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ይቀርባል። መደበኛው ጊዜ 180 ቀን ነው፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ 300 ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ለድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል (ኤችአር) ያመለክትና መልስ ይጠብቃል። ኤችአር ጋ የገባ አቤቱታ ቀኑን አያስቆምም።

አስተያየት፣ ከዳላስ፦
ወንድሜ፣ ጌዮቹ ጋብቻውን በ2015 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ አገኙ፣ በ2022 በኮንግረስ አጸኑት። ከዚህ በኋላ የቀራቸው የእኛን ቄሶች ማስገደድ ነው። ወግ አጥባቂዎቹ ባይኖሩ ማን ያቆመው ነበር?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦
ቄስ አይገደድም። ባይደን ዲሴምበር 13 ቀን 2022 የፈረሙት የጋብቻ ሕግ ራሱ፣ የሃይማኖት ተቋማት ለሠርግ አገልግሎት እንዲሰጡ አይገደዱም ብሎ ጽፏል። በሴኔት 12 ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል። (ዴሞክራቱም ንጹሕ አይደለም፤ በ1996 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በፌዴራል መንግሥቱ ዘንድ እንዳይታወቅ ያደረገውን ሕግ የፈረሙት ክሊንተን ናቸው።)

«አጸኑት» ያልከው ግን ግማሹ ነው። የ2022ቱ ሕግ ክፍለ ግዛቶች በሌላ ክፍለ ግዛት የተፈጸመን ጋብቻ እንዲያውቁ ያስገድዳል፤ የጋብቻ ፈቃድ እንዲሰጡ አያስገድድም። ያንተው ቴክሳስ በ2005 በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያስገባው ክልከላ አሁንም ተጽፎ አለ። የ2015ቱ ውሳኔ ቢሻር፣ ሜሪላንድ የተጋቡት ዳላስ ላይ ባለትዳር ሆነው ይቀጥላሉ፣ የዳላስ ነዋሪዎች ግን እዚያው ፈቃድ ማግኘታቸው ያከትማል። ዳኛ ቶማስ በ2022 እንደገና ይታይ ብለው ጽፈዋል። ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የጋብቻ ፈቃድ አልሰጥም ያለችው የኬንታኪዋ የካውንቲ ሹም ኪም ዴቪስ ያቀረበችውን አቤቱታ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2025 አላየውም፣ ግፊቱ ግን አልቆመም፦ በጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ሪፐብሊካኖች ለተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ያላቸው ድጋፍ በ2022 ከነበረበት 55 በመቶ በ2025 ወደ 41 ወርዷል።

ጥቅሉን ደግሞ ተመልከት። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ትራምፕ «ፆታ ሁለት ብቻ ነው» የሚለውን ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያው ቀን የስደተኞችን ቅበላ አገዱ፤ በዚያው ቀን በጊዜያዊ ቪዛ ያለች እናት እዚህ የምትወልደው ልጅ፣ አባቱ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ፣ ዜግነት እንዳያገኝ አዘዙ። የመጀመሪያውን ብቻ መርጦ ድምፅ መስጠት አይቻልም።

ከእኛው መካከል ጌይ የሆኑ ልጆችም አሉ፤ ስለ እነሱ ሲሆን ሁላችንም ዝም እንላለን። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስቀጣል፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዚህ ምክንያት የሚደርስ መሳደድ ለጥገኝነት መሠረት መሆኑ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው፣ ፎርም አይ-589፣ አሜሪካ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። የኢሚግሬሽኑ የጥገኝነት ቢሮ ለቃለ መጠይቅ አስተርጓሚውን አመልካቹ ራሱ ይዞ እንዲመጣ ነው የሚጠይቀው፤ ዕድሜው 18 የሞላው መሆን አለበት፣ ጠበቃውም ምስክሩም ሊሆን አይችልም። ከደብሩ ወይም ከዕድሩ የሚተዋወቁት ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ አመልካቹ አፍሮ የሸሸገው ነገር መዝገቡ ላይ ሳይገባ ይቀራል፣ በዚያም ምክንያት ጉዳዩ ይወድቃል።