ዛንዚባር ለ5 ሌሊት ከእናቴ ጋር፦ የት ብናርፍ ይሻላል?

የቱሉ ዲምቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር መጨረሻ ላይ ዛንዚባር ልንሄድ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ6 ዓመት ልጃችንና እናቴ ነን። ዕቁቡ ወጥቶልኛል፣ የቪዛው ጉዳይ አልቋል፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። የቀረን ማደሪያው ብቻ ነው።

ጉዞው የእማዬ ነው ማለት ይቻላል። አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ ወታደር ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ "አንድ ቀን ባሕር አሳይሻለሁ" ይላት ነበር። ሳያሳያት አረፈ። እሷ እስከ ዛሬ ያየችው ትልቁ ውሃ የቢሾፍቱ ሆራ ነው። አሁን 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ከዱከም ልትጠይቀን ስትመጣ ደረጃው ላይ ሦስቴ ታርፋለች። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ ዓሣም አትነካም።

የጉዞ ወኪሉ ፓጄ የሚባል ቦታ አንድ ሆቴል አሳየኝ። ፎቶው ላይ ውሃው በረንዳው ሥር ደርሷል፣ ዋጋውም ደህና ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ "ኑንግዊ ካልሆነ አትሂጂ" አለችኝ። ሌላዋ የድሮው ከተማ፣ ስቶን ታውን፣ ትላለች። ካርታውን ሳየው ሁሉም ባሕር ዳር ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ጉልበቷን ለሚያማት እናት የቱ ይሻላል? ብሩ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ተሳስቼ እሷን እንዳላሳዝናት ፈራሁ።

የሰበታው አባት፦

እህቴ፣ ፎቶውን ተይው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ "ውሃው በስንት ሰዓት ይኖራል?" ብለሽ ነው። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አምና ተቸግሬያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

እኛም የያዝነው ፓጄ ነበር። ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኔ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ስንደርስ ውሃው አጥሩ ሥር ነው። ትልቁ ልጄ የዋና ቁምጣውን ለብሶ ተኛ። ጠዋት ቁርስ በልተን 4 ሰዓት ገደማ ብንወጣ ባሕሩ የለም። ፊታችን እርጥብ ነጭ አሸዋ ነው፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ኩሬ ቀርቷል። በጣም ርቆ አንድ ነጭ መስመር ይታያል። ልጄ ዞር ብሎ "አባ፣ ማን ወሰደው?" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃና ፀሐይ ስለሚስቡት ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ታይድ ይሉታል። ዛንዚባር ላይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ፣ ሲሞላና ሲጎድል ያለው የከፍታ ልዩነት 4 ሜትር ያህል ይደርሳል። ዳርቻው ገደል ቢሆን ኖሮ 4 ሜትር ቢወርድ ብዙም አታዪውም ነበር። የምሥራቁ ዳርቻ ግን ወለሉ ሜዳ ነው። ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ማቴምዌ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ሜዳ ላይ ውሃ ትንሽ ሲወርድ ብዙ ይሸሻል፤ አንዳንድ ቦታ ኪሎሜትር ያልፋል። ያ ሩቁ ነጭ መስመር ሞገዱ ውሃው ውስጥ ያለውን የኮራል ድንጋይ አጥር ሲመታ ነው። እኛ የሄድነው ደግሞ ልክ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሰሞን ነበር። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይቀንሳል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንዱ ሳምንት ከሌላው አይመሳሰልም።

ልጆቹ ሲያለቅሱብኝ "ኑ፣ በእግራችን እንሂድበት" አልኩ። መሃል ላይ ሴቶች አገኘን። ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። አሸዋው ላይ ተርታውን እንጨት ተተክሏል። በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ደግሞ የባሕር አረም በየስንዝሩ ታስሯል። ምዋኒ ይሉታል፤ አድርቀው ነው የሚሸጡት። ልጄ ሊያይ ጠጋ ሲል ጮኸ። ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ፍጥረት ረግጦ ነው። ተረከዙ ላይ ስድስት ጥቁር ነጥብ ቆጠርኩ።

አንዲት ሴትዮ ጆንያዋን ጥላ መጣች። ልጁን ከእጄ ተቀብላ አዘለችው። ዳር ስንወጣ ያልበሰለ ፓፓያ አስመጣች፣ ልጣጩን በቢላ ጫር ጫር አደረገችው፣ የወጣውን ነጭ ወተት ተረከዙ ላይ አንጠባጠበችለት። እስኪደርቅ ድረስ እግሩን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ማታውን ሕመሙ ቀለል አለለት። ገንዘብ ብዘረጋላት አልተቀበለችኝም። ይህን ስጽፍ ፊቷ ይታየኛል።

እሷኑ "ውሃው መቼ ይመለሳል?" ብዬ በምልክት ብጠይቃት "ሳ ኩሚ" ብላ አሥር ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ "አራት ሰዓት" አለኝ። ግራ ገባኝ። ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ የመጀመሪያው ሰዓት 1 ሰዓት ነው፤ የእነሱ 10 ሰዓት የእኛ 10 ሰዓት ነው። በሁለታችን አገር መካከልም የሰዓት ልዩነት የለም። ይህን ያዢው፣ ታክሲና ጀልባ ስትቀጥሪ ይጠቅምሻል። "በስዋሂሊ ነው በፈረንጅ?" ብለሽ አረጋግጪ። ውሃው እንዳለችው 10 ሰዓት ላይ ሞልቶ መጣ።

በሦስተኛው ቀን የሁለት ሌሊት ክፍያ ጥለን ወደ ኬንድዋ ሄድን። ሆቴሉ አልመልስም አለ፤ ውላችን ላይም ተጽፏል፣ አላነበብነውም እንጂ። ኬንድዋና ኑንግዊ የደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። እዚያ ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ውሃው ቢጎድልም ብዙ አይሸሽም። ጠዋትም ቀትርም ልጆች ይገባሉ። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ትጠልቃለች። እናትሽ ከወንበራቸው ሳይነሱ ውሃው እግራቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። ፓጄ ቢሆን ግን ወደ ውሃው ለመድረስ ባሕሩ ውስጥ ሩብ ሰዓት መሄድ ሊኖርባቸው ነው። ለዚያ ጉልበት አይሆንም።

ከቡራዩ፦

ወንድሜ የጻፈው እውነት ነው፤ ግን ምሥራቁን እንዲህ ሙሉ በሙሉ አትተዉት። እኔ ጃምቢያኒ አራት ቀን ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ኬንድዋ የጭፈራ ቦታ ነው፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ነው። ኑንግዊ ላይ ደግሞ ጀልባና ጉብኝት የሚሸጡ ልጆች አሥር እርምጃ አያስኬዱህም። ጃምቢያኒ ጸጥ ያለ መንደር ነው። ውሃው ሲሸሽ ለእኔ ያ ነበር ውበቱ፤ ትንንሽ ዓሣና ኮከብ የመሰሉ ፍጥረታት ኩሬው ውስጥ ቀርተው ታያለህ። ጫማ ግን ግዴታ ነው። እኔ ከመርካቶ የገዛሁትን ኮንጎ ጫማ አድርጌ ነው የዞርኩት፣ አንድም እሾህ አልነካኝም።

ወደ ፓጄ መንገድ ላይ ጆዛኒ የሚባል ደን አለ። ቀይ ጉሬዛ አለበት። ሌላ አገር የማይገኝ የዛንዚባር ጉሬዛ ነው። ጉሬዛ እኛም አለን፣ ቀዩን ግን እዚያ ነው ያየሁት። ከሰሜን ተነስተሽ ከሄድሽ ሩቅ ነው፤ ያንን አስቢበት።

የለገጣፎዋ ነርስ፦

ለእናትና ለልጅ ከሆነ እኔም ሰሜኑን እመርጣለሁ። ግን የመጀመሪያዋን ሌሊት ስቶን ታውን እደሩ። ከኤርፖርቱ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ኑንግዊ ደግሞ 60 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ከመሃል አዲስ አበባ ቢሾፍቱ ከመሄድ ትንሽ ይበልጣል። መንገዱ መንደር ለመንደር ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። አውሮፕላን ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጣ የወረደች እናት በዚያ ሙቀት ያንን መጨመር የለባትም። ጥር እዚያ የሙቀት ወር ነው።

ስቶን ታውን ስትይዙ ግን ክፍሉ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ እንዲሆን አስቀድመሽ ጻፊላቸው። ቤቶቹ የድሮ ናቸው፣ ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም። ደረጃቸው ከኮንዶሚኒየም ደረጃ የበለጠ ቀጥ ያለ ነው። መኪናም ጠባቡ መንገድ ውስጥ አይገባም፤ ከመንገድ ዳር ስንት እርምጃ እንደሆነ ጠይቂ። ከተማው እንደ ፈረንጆቹ በ2000 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ሄዳችሁ ብሉ፣ ባሕሩም ፊት ለፊት ነው። የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አለ። ገበያው በ1873 ነው የተዘጋው። እኔ እዚያ ገብቼ ብዙ ቆይቼ ነው የወጣሁት።

ለጾም ቀን አትጨነቂ። በኮኮናት ወተት የሚሠሩት ቦሎቄ አለ፣ "ማሃራጌ ያ ናዚ" በይ። ከሩዝ ወይም ከቻፓቲ ጋር ይቀርባል። ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፣ እባክሽ ይህንን አትዝለይው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እናትሽ ግን 68 ናቸው። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይህ ክትባት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝም ብላችሁ ወስዳችሁ አታስወጓቸው፤ መጀመሪያ ሐኪም ያያቸው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ስለ ወባም እዚያው ጠይቁ፤ ደጋ ያደገ ሰው ወባን አይችለውም። አጎበር ያለው ክፍል ያዙ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ለውጭ አገር እንግዳ የዛንዚባሩ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖርሽም ይህንን አይተካልሽም።

የቱሉ ዲምቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የክትባቱን ነገር ባትነግሪኝ ኖሮ ቅዳሜ ልወስዳት ነበር። ለሰኞ ሐኪም ቀጠሮ ይዤላታለሁ።

ለወኪሉ ደወልኩና "ፎቶው በስንት ሰዓት የተነሳ ነው?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ሲሞላ ነው" አለኝ። ስለዚህ ፓጄን ትተናል። አንድ ሌሊት ስቶን ታውን፣ አራት ሌሊት ሰሜን። የምንሄድበትን ቀን ከጨረቃው ጋር አስተያየሁት፤ ሙሉ የምትሆነው እዚያ እያለን ነው። ስለዚህ ከኬንድዋ ጭፈራ ለመራቅ ኑንግዊን እያሰብኩ ነው። የተላከልኝ ሆቴል "ኑንግዊ፣ ባሕር ዳር" ይላል። ይበቃል?

የሰበታው አባት፦

አይበቃም። ኑንግዊ ጫፍ ላይ ስለሆነች ሁለት ፊት አላት። ምዕራቡ በኩል ያለው ነው ውሃው የማይሸሸው። በምሥራቁ በኩል ከሆነ እንደ ፓጄ ሊሆንብሽ ይችላል፣ ስሙ ግን ያው ኑንግዊ ነው። ካርታው ላይ ሆቴሉን ፈልጊና ፊቱ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት መሆኑን እይ። የጀልባ ጉዞ ካማራችሁም ለእናትሽ ተጠንቀቁ። ብዙ ቦታ ወደብ የለም፤ ውሃ ውስጥ ገብተሽ በመሰላል ነው የምትወጪው።

የቱሉ ዲምቷ፦

ምዕራብ ነው፣ አሁን አየሁት። ተመስገን።

አንድ ነገር ልጠይቅና ልጨርስ። ትናንት ዱከም ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። ተነስታ ጓዳ ገባችና አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ አጥባ አመጣች። የባሕሩን ውሃ ሞልታ ለአባቴ መቃብር ልታመጣ ነው። አውሮፕላን ላይ ይፈቅዱልናል?

የሰበታው አባት፦

በእጅ ቦርሳ ከሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያሳልፉም፣ ፍተሻው ላይ ይጣልባችኋል። በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አጥብቂው፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልይና ልብስ መሃል አስቀምጪው። ዛጎልና ኮራል ግን አታንሱ፤ ሲወጡ ይያዛል። ውሃውን ራሳቸው ይቅዱት፤ ኑንግዊ ምዕራቡ ላይ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው።