ጓደኛዬ የወባ መከላከያውን ላቁም እያለ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁም፤ እባካችሁ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ። ከጓደኛዬ ጋር ቦርሳችንን አዝለን ሞቃታማ የባሕር ዳርቻ ተከትለን እየተጓዝን ነው። ሁለታችንም ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን እንወስዳለን፤ በቀን አንዴ፣ 100 ሚሊግራም። እኔን ምንም አላለኝም። እሱን ግን ፀሐይ አቃጠለችው። የእጁ ጀርባ ቀልቷል፣ አፍንጫው ተልጧል፣ የቦርሳው ማንገቻ ትከሻውን በነካው ቁጥር ያቃስታል። መድኃኒቱ ቆዳን በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። የፀሐይ ክሬም እንቀባለን፤ በዚህ ወበቅ ግን ላብ ወዲያው ያጥበዋል። ሲመሽ ደግሞ ቢምቢው አያስቀምጥም።

አሁን "በቃኝ፣ አልውጥም" ብሏል። በጣም ፈርቼለታለሁ። ይህ መድኃኒት ወባ ካለበት አካባቢ ከወጡ በኋላ እንኳ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል፤ እኛ ገና መሃሉ ላይ ነን። ወባ ከያዘው የፀሐይ ቃጠሎ ምንም ማለት አይደለም።

በጉዞ መሃል አቶቫኮን ፕሮጓኒል ወደሚባለው ሌላ የወባ መከላከያ የቀየራችሁ አላችሁ? ሐኪም እንዴት ቀይሩ አላችሁ? ቅርብ ያለው ክሊኒክ የሚደረሰው በጀልባ ነው፤ ባሕሩ እስኪረጋ መጠበቅ አለብን። እስከዚያ ቃጠሎውን በምን ላስታግስለት? ረጅም እጅጌ አልብሼዋለሁ፤ ቀትር ላይም ጥላ ፈልገን እናርፋለን።