በሕንድ ፊልሞች ውስጥ ፍርድ የሚሰጠው ማን ነው?

ጥያቄ፦
በብዙዎቹ የቆዩ የሕንድ ፊልሞች ፖሊስም ችሎትም አለ፤ ሆኖም ወንጀለኛው ብዙ ጊዜ የሚቀጣው በዳኛ ሳይሆን በዋናው ገጸ ባሕርይ ክንድ ነው። ይህ ሕግን መናቅ ነው ወይስ ሌላ ትርጉም አለው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
መናቅ ነው ለማለት ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ዲዋር» ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ ኮንትሮባንዲስት፣ ሌላው ፖሊስ ነው፤ ወንድሙን ሊይዝ ለሚወጣው ለፖሊሱ ሽጉጡን የምታቀብለው ሁለቱንም የወለደች እናታቸው ናት። በ1957 በወጣው «ማዘር ኢንድያ» ደግሞ እናቲቱ ሙሽራ ጠልፎ የሚሸሸውን ልጇን ራሷ ተኩሳ ትገድለዋለች። ሕጉ ይከበራል፤ የሚያስከብረው ግን የእናት ሥልጣን ነው፤ ተመልካቹም የሚያምነው ይህንኑ ነው።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ የፍርድ መዘግየትን ልጨምር። በ1993 በወጣው «ዳሚኒ» የሀብታም ቤት ምራት የሆነችው ሴት የባሏ ወንድም ከጓደኞቹ ጋር የቤት ሠራተኛዋን ሲደፍር አይታ እውነቱን ልመስክር ስላለች እንደ እብድ ተቆጥራ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ትገባለች። ጠበቃዋም ችሎት ፊት ቆሞ፣ ፍርድ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው ቀጠሮ በቀጠሮ ብቻ መሆኑን በምሬት ይናገራል። በሕንድ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ የሚጠብቁት መዛግብት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ ይህ ንግግር እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ መኖሩ አያስደንቀኝም።

መልስ 3፦
በሁለታችሁም ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሕግ እንዳጠና ሰው አንድ ቅሬታ አለኝ። ናናቫቲ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን የሚስቱን ውሽማ ገድሎ ከተከሰሰበት ከ1959ኙ ጉዳይ በኋላ ሕንድ ተራ ዜጎች ፍርድ የሚሰጡበትን የጁሪ ሥርዓት በወንጀል ችሎቶች ቀስ በቀስ ስለተወች የሚወስነው ዳኛው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በፊልም የምንሰማው ረጅም የጠበቃ ንግግር የሚደረገው በእርግጥ ለእኛ ለተመልካቾች ነው። በ2016 በወጣው «ፒንክ» ጠበቃው የራሱን ደንበኛ ድንግል መሆን አለመሆኗን በአደባባይ ይጠይቃታል፤ ዓላማው የሴት እምቢታ ያለፈ ሕይወቷ ሳይመረመር መከበር እንዳለበት ማሳየት ነው። ትዕይንቱ ኃይለኛ ነው፤ ሆኖም እንደ «ዳሚኒ» ሁሉ እዚህም ሴቶቹ የሚደመጡት አንድ ታላቅ ወንድ ጠበቃ ሲቆምላቸው ነው። ከሽጉጡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።