የቡና ማሽን ቡዝ ዲዛይን ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እስቲ ሐሳብ ስጡኝ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ የቡና መቁያና መፍጫ ለሚያመርት አነስተኛ ድርጅት የኤግዚቢሽን ቡዝ እየሠራሁ ነው። ቦታው ሚሊኒየም አዳራሽ፣ 3 በ3 ሜትር፣ ማዕዘን ላይ ስለሆነ በሁለት በኩል ክፍት ነው።

ባለቤቱ ሁሉም ነገር እዚያው ይሠራ ባይ ናቸው። መቁያው ይዙር፣ መፍጫው ይፍጭ፣ ከጎኑ ደግሞ ኤስፕሬሶ ማሽን ቆሞ ለእንግዳ ቡና ይቅዳ። ደስ ይላል፣ ግን የተሰጠን አንድ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ነው፤ በ220 ቮልት ቢበዛ 3.5 ኪሎ ዋት ቢችል ነው፣ ባለ ሁለት ግሩፕ (ሁለት የቡና ማውጫ ራስ ያለው) ኤስፕሬሶ ማሽን ደግሞ ያንን ብቻውን ሊጨርሰው ስለሚችል መፍጫው ሲጨመርበት ብሬከሩ መውረዱ አይቀርም። የመቁያው ጭስና የጋዝ ሲሊንደሩ ሌላ ራስ ምታት። የውሃ መስመርም የለም።

እኔ የምመርጠው ጎኑ ተከፍቶ ከበሮው፣ ሞተሩና ብየዳው የሚታይ አንድ መቁያ መሃል ላይ ማቆም ነው፤ ገዢ እኮ ሆዱን ማየት ይፈልጋል። እሳቸው ግን «ሽታ ከሌለ ማን ይመጣል?» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ የሚቆላ ቡና ከየትኛውም ባነር በላይ ሰው ይጠራል። የምፈራው ነፃ ቡና ፈላጊው ተሰልፎ እውነተኛውን ገዢ እንዳይጋርድብን ነው።

አዳራሽ ውስጥ በትንሽ የኤሌክትሪክ መቁያ የቆላችሁ አላችሁ? ጭሱን እንዴት አደረጋችሁት? ቡና መቅጃውንስ ከፊት ነው ከኋላ የምታስቀምጡት?