የአድዋ ዝግጅት፦ የእርሳስ አሻንጉሊቶቹ ጉዳይ

ጸሐፊ፦ ለማዘጋጃ ቤቱ የምናስገባው የድጋፍ ማመልከቻ እሑድ ያበቃል። ርዕሱ «ከጦር ጋር የዘመቱ ሴቶች»። የጋሼ የድሮ ፈረንሳይ አሻንጉሊቶች ከእቴጌ ጣይቱ ታሪክ ጎን ይቀመጣሉ።

ጋሼ፦ የፈረንሳዩ አሻንጉሊት ሠሪ የሚኞ ሥራ ናቸው፣ ድፍን የእርሳስ ብረት። የሚያሳዩትም ካንቲኒየር የሚባሉትን የፈረንሳይ ጦር ሴቶች ነው፤ እነሱ የክፍለ ጦሩን ደንብ ልብስ ለብሰው ለወታደሩ ምግብና መጠጥ እየሸጡ ይዘምቱ ነበር። ሠራዊቱ ያስቀራቸው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። የመስታወት ሳጥን ግድ ነው፤ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ልጆች እንዳይነኩት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሳጥኑን ማን ይከፍላል? የአምናው የድንኳን ዕዳ ገና አላለቀም።

እትዬ፦ ፎቶውን አሁን አየሁት። በጎኗ ያንጠለጠለችው በርሜል ምንድን ነው?

ጋሼ፦ ብራንዲ።

እትዬ፦ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ? በዓቢይ ጾም?

ወጣቶች ክፍል፦ እትዬ፣ ጥፍር አያክልም እኮ።

እትዬ፦ መጠኑን አልጠየቅሁህም።

ጋሼ፦ የእኛ ገንቦኞችስ ምን አዝለው የዘመቱ ይመስልዎታል? ጠጅ!

እትዬ፦ እቴጌ መቀሌ ላይ ምንጩን አስይዘው ጣልያንን በውሃ ጥም ያስጨነቁ ናቸው። ከአረቄ ሻጭ ጋር አያወዳድሩብኝ።

ጋሼ፦ ሻጭ ብቻ? ጥይት እየዘነበ ቁስለኛ ያጠጡ ነበር። እንዲህ ከሆነ አላመጣም፤ በቃ።

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተዉ! በርሜሉ ወደ ግድግዳ ይዙር።

ጋሼ፦ እሷም አብራ ልትዞር ነው?

ወጣቶች ክፍል፦ ፕላስተር እንለጥፍበት?

ጋሼ፦ በመቶ ዓመት ቀለም ላይ? ሞክሯትና እንተያያለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሳጥኑን ማን ይከፍላል አልኩ።

ጸሐፊ፦ እኔ እሠራዋለሁ ያለው ልጅስ?

ወጣቶች ክፍል፦ ስልክ አያነሳም።

እትዬ፦ ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፣ ጾሙ ነው። ሌላ የለዎትም?

ጋሼ፦ በ1928ቱ ወረራ ሰሞን የእንግሊዙ ብሪቴንስ የሠራቸው የኢትዮጵያ ወታደሮች አሉኝ።

እትዬ፦ እሰይ! እነሱ ይምጡ።

ጸሐፊ፦ ሴት አለችበት?

ጋሼ፦ የለችም።

ጸሐፊ፦ ርዕሳችን ሴቶች ነው እኮ። ደግሞ አድዋ 1888 ነው።

ሰብሳቢ፦ «ጀግኖቻችን» በሉት፣ ሁሉንም ይይዛል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ሳጥኑ ይቅር። በዚያ ገንዘብ የበየነቱ ነገር ይታሰብበት፤ አምና ለግማሹ ሰው አልደረሰም።

እትዬ፦ ሽሮውን እኔ እችላለሁ። እንጀራ ማን ያመጣል?