«ድርጅቱን አያገባውም» ማለት ምን ማለት ነው?

የሂርማታው፦ እዚሁ ጅማ፣ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ 20 ሠራተኞች በወር 2,000 እየጣሉ እቁብ ይዘዋል። ስቶር ኪፐሩ በሦስተኛው ዙር 40,000 በላና መጣሉን አቆመ። ለአስተዳደር ቢነገር «የግል ጉዳያችሁ ነው፣ ድርጅቱን አያገባውም» አሉ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ አይደለም እንዴ?

አንቀጽ 27፦ አስተዳደሩ ልክ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብተው የአሠሪውን ንብረት ወይም ገንዘብ ማጉደል ነው። የእቁብ ብር የአሠሪው አይደለም። ቢያባርሩት በክርክር ይረታቸዋል።

የሂርማታው፦ ይባረር ያለ አለ? እኔ የያዝኩት «አያገባውም» የምትለዋን ነው።

ፈረሱላ፦ አያገባውም ያለው ሰው ቡና ሲመዘን ቆሞ አያውቅም። ዕዳ የያዘው ሰው ከ60 ኪሎ ጆንያ አንድ ኪሎ ቢቀንስ «ደርቆ ነው» ብሎ ያልፋል። ቡናው ሲገባ እርጥበቱ ተለክቶ ከክብደቱ ጋር ካርዱ ላይ ካልሰፈረ በምን ታስተባብለዋለህ?

አንቀጽ 27፦ እንግዲያው ለኩ፣ ድንገተኛ ቆጠራ አድርጉ። ከጎደለ ያኔ ያገባዋል፤ ግን አሠሪው ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልወሰነ የማሰናበት መብቱ ያልፋል። ሳይጎድል ሌባ ማለት ስም ማጥፋት ነው።

አጂፕ ሰፈር፦ ምን ያጨቃጭቃል? ፋይናንስ 40 ሺውን ከደመወዙ ይቁረጥ፣ አለቀ።

የእቁብ ጸሐፊ፦ 40 አትበል። ሦስቴ ጥሏል፣ ቀሪው 34,000 ነው።

አጂፕ ሰፈር፦ ኧረ ጠበቃ ቀጠረ ስቶር ኪፐሩ!

አንቀጽ 27፦ በጽሑፍ ካልተስማማ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ ፋይናንስ ለእቁብ ብሎ አይቆርጥም። ቢስማማም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ደመወዙ 6,000 ከሆነ በወር 2,000፣ 17 ወር መሆኑ ነው።

ፈረሱላ፦ ሦስተኛው ወር ላይ ሥራውን ለቆ ይሄዳል። ዋሱን ያዙት እንጂ!

የሂርማታው፦ ዋስ አለ። «ለሚወስደው ሁሉ ዋስ ነኝ» ብሎ ፈርሟል።

የእቁብ ጸሐፊ፦ እስከ ስንት ብር? የገንዘቡ ጣሪያ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922ን አንብቡት። «34,000 ብር ድረስ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች የጎደለችው። የእቁቡ ዳኛ ምን ሲሠራ ነበር?

አጂፕ ሰፈር፦ ዳኛውማ ራሱ የአስተዳደር ኃላፊው ነው አሉ! ሁለተኛውን ዙር በልቶ።

ፈረሱላ፦ ሃሃ! ታዲያ «ጉዳያችሁ» ነው የሚለው «ጉዳያችን»?

አንቀጽ 27፦ ኃላፊው በእቁቡ አባል ነው፣ በቢሮው አሠሪውን ይወክላል። አታደበላልቁ።

ፈረሱላ፦ ያደበላለቀው እሱ ነው፣ ወንድሜ። እቁቡን የሚሰበስበው ደመወዝ በሚከፈልበት መስኮት ላይ መሆኑን ጠይቅ።

አንቀጽ 27፦ ማስረጃ አምጣ።

ፈረሱላ፦ ደብተሩ እሱ ጋ ነው ያለው፤ ከሱ ተቀበል።