የውል ፈራሚ ሹመትና ሥልጠና፦ ለዞኑ የምናቀርበው ሐሳብ፣ ሁለተኛ ዙር

አስተባባሪ (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስብሰባ ሁላችንም የተስማማንበት ነገር የአዳራሹ ብርድ ብቻ ነበር። የቀረውን እዚህ እንጨርሰው። ለሰሜን ሸዋ ዞን ገንዘብ መምሪያ የምናስገባው ረቂቅ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የረቂቁ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ በመንግሥት ስም ውል የሚፈርም ሰው በስሙ የተጻፈ የሹመት ደብዳቤ ይኑረው። ደብዳቤው እስከ ስንት ብር መፈረም እንደሚችል ይግለጽ። ሳይሠለጥን ደግሞ ደብዳቤው አይሰጠው። «እስማማለሁ» ብቻ የምትሉ አውራ ጣት ይበቃል፤ ትናንት ስልኬ ሌሊቱን ሲጮኽ ነው ያደረው።

ከሸዋ ሮቢት፦
ቀድሞ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ያጋጠመኝን ልንገራችሁ፤ ስሙ ይቅር። ኃላፊው መስክ ሊወጡ ሲሉ የመኪናው ጎማ አለቀ። ለአንድ ነጋዴ ደውለው «አራት ጎማ ግጠምልኝ» አሉት። ገጠመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፤ «ፕሮፎርማ ሰብስብና አስተካክለው»። ፕሮፎርማውም (የነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ) አብሮ መጥቷል። ሦስት ድርጅት፣ አንድ የእጅ ጽሕፈት። አልፈርምም አልኩ። ነጋዴው በየቀኑ በሬ ላይ ይቆማል። እሱ ምን አጠፋ? ኃላፊ ያዘዘውን ነው ያቀረበው። እኔስ ምን ላድርግ? እንዲህ እያልን ሰኔ 30 ደረሰ፣ በጀቱ ተዘጋ። መኪናው በጎማው ይሄዳል፤ ሰውየው ገንዘቡን አላገኘም።
ስለዚህ ማን መፈረም እንደሚችል መጻፉ ብቻ አይበቃም። ሥልጣን የሌለው ሰው ሲያዝ ምን እንደሚደረግም ይጻፍልን።

የሕግ ባለሙያዋ (ደብረ ብርሃን)፦
ወንድሜ ያነሳው ጉዳይ በሕጋችን መሠረት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቁጥር 1724 መንግሥትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። በቁጥር 2200 ደግሞ ውሉ የተለየ አጻጻፍ ከተፈለገበት ውክልናውም በዚያው መልክ መሰጠት አለበት። በቃል የተሰጠ ሥልጣን እዚህ ቦታ የለውም። ደብዳቤ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አምጥተን አይደለም።
የጎማውን ታሪክ ሳነብ አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉዳይ ትዝ አለኝ። የአይዳሆ ገበሬዎች 460 ኤከር ስንዴ ይዘራሉ። 400ው ቀድሞ የተዘራው አልሆን ብሎ በላዩ እንደገና የተዘራ ነው። የመንግሥት ሰብል መድን የአካባቢ ሰዎች «ሁሉም ይሸፈናል» አሏቸው። ድርቅ መጣ፣ ስንዴው ጠፋ። መድኑ ግን «ደንባችን እንደገና የተዘራን አይሸፍንም» አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በፈረንጆች 1947 ለመድኑ ፈረደ። ከመንግሥት ጋር የሚዋዋል ሰው የሹሙን ሥልጣን ልክ ራሱ ማጣራት አለበት ተባለ። ከዘጠኙ ዳኞች አራቱ አልተስማሙም። እኔም ብሆን ልቤ ከገበሬዎቹ ጋር ነው።
ነጋዴው ያጣራ ከተባለ ግን የሚያጣራበት ነገር ይኑር። እዚያው አገር የግዥ ፈራሚዎች «ዋራንት» የሚባል የሹመት ወረቀት አላቸው፤ የሥልጣናቸው ልክም ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። እኛም የደብዳቤው ግልባጭ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ እንበል። ወጪው አንድ ወረቀትና አራት ስፒል ነው።
አንድ እርማት፦ ረቂቁ አዋጅ ቁጥር 1333/2016ን ይጠቅሳል። እሱ የፌደራል ነው። ወረዳዎቻችን የሚመሩት በክልሉ የግዥ ሕግ ስለሆነ እሱን እናስቀድም።

ጋሼ ከመሐል ሜዳ፦
ልጆቼ፣ እንዳትቀየሙኝ። ይህ ነገር ያስፈራኛል። ዛሬ ኃላፊው አለ፣ የግዥ ክፍሉ አለ፣ አጽዳቂ ኮሚቴው አለ። እናንተ አሁን አንድ ሰው ለይታችሁ ስሙን ሰሌዳ ላይ ልትሰቅሉት ነው። ነገር የተበላሸ ዕለት መርማሪው ሩቅ አይሄድም፤ ሰሌዳውን አንብቦ ይመጣል። «የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራት» የሚለውን ክስ እናንተ በንባብ ታውቁታላችሁ። እኔ አብሮ አደጎቼን ስጠይቅ ነው የማውቀው፣ ስንቅ ይዤ።

ከዓለም ከተማ፦
ጋሼ፣ ቢቀየም የሚቀየመው አለቃችን ነው፤ እኛማ እውነትዎን እንደሆነ እናውቃለን። ግን አሁንም እኮ የሚታሰረው የግዥ ሠራተኛው ነው። ሥልጣኑን ሌላ ሰው ይዞት፣ ዕዳው የእኛ ነው። ደብዳቤው ቢያንስ ሁለቱን አንድ ቦታ ያደርጋቸዋል።
በሥልጠናው ልቀጥል። የሦስት ቀን ሥልጠና የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ጀማን ተሻግረን እንመጣለን፣ አሠልጣኙ መመሪያውን ስክሪን ላይ አውጥቶ ያነብልናል፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ውሎ አበል ፈርመን እንመለሳለን። አንድም ቀን የጨረታ ሰነድ አዘጋጁ ተብለን አናውቅም። ስፔስፊኬሽን (የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር መግለጫ) መጻፍ የለመድነው የቀድሞውን ኮፒ እያደረግን ነው። አንዴ ለጤና ጣቢያ አልጋ ሲገዛ የትምህርት ቤት ወንበር መለኪያ ሰነዱ ውስጥ ቀርቶ ተገኝቷል። ማን እንደጻፈው አልናገርም፤ እኔ ነኝ።
ስለዚህ ሥልጠናው በእውነተኛ ፋይል ይሁን። ያለቀ ግዥ ይምጣና ከፍላጎት ጥያቄ እስከ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እንፈትሸው። የዋስትና ደብዳቤውን ባንክ ደውለን እናጣራ። ከተፈረመ በኋላ ያለውን ነገር፣ ማለትም መዘግየትን፣ ቅጣትን፣ ተጨማሪ ሥራን፣ ማንም አስተምሮን አያውቅም።

ከእነዋሪ፦
ጥሩ። ሠልጥኖ ሲመጣ ግን በሦስተኛው ወር ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ይዛወራል። ያንን ምን እናድርገው?
ደግሞ እኛ ጋ ሰው የለም። የሚጠይቀውም የሚገዛውም የሚረከበውም አንድ ሰው የሚሆንበት ቀን አለ። ፈራሚው ተረካቢ እንዳይሆን በግልጽ ይጻፍ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ፈራሚው አዲስ አበባ ይቀራል፤ ስለዚህ የራሱ ደብዳቤ ያለው ተተኪ ያስፈልጋል። «እሱ ስለሌለ ፈርምለት» ከተጀመረ ወደ ጎማው ተመልሰናል። የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሲመጣም ያው ነው፤ ፊርማውን ለማንም የማይሰጥ ሰው ፓስወርዱን ለጸሐፊዋ ይሰጣል።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ለጋሼ ስጋት ሦስት መስመር ልጨምር። አንደኛ፣ ፈራሚው ሕግ ያልተከተለ ውልን በጽሑፍ ምክንያት ሰጥቶ አልፈርምም ማለት ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ከቦታው አይነሳም። ሁለተኛ፣ ሹመቱ ሲሻር በደብዳቤ ይሻራል፤ ሽረቱም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። አሜሪካኖቹም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ሦስተኛ፣ የአጽዳቂ ኮሚቴው ድርሻ እንዳለ ይቆያል።
ለጎማው ደግሞ፦ ያለሥልጣን የታዘዘ ዕቃ ከደረሰ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ መርምሮ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። ዕቃው በትክክል ገቢ ሆኗል ወይ? ዋጋው ተመጣጣኝ ነው ወይ? በጀቱ በጊዜው ነበር ወይ? ያዘዘው ሰው ስም ይጻፋል። ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈ ፕሮፎርማ ግን በምንም መልኩ ተቀባይነት የለውም።

ከሸዋ ሮቢት፦
ይሄ ቢኖር ነጋዴው ገንዘቡን ያገኝ ነበር። ኃላፊውም ሁለተኛ ከመደወላቸው በፊት ያስቡ ነበር።

አስተባባሪ፦
እሺ። የተቀየረው ይህ ነው። የብር ጣሪያውን ቁጥር እኛ አንጽፍም፤ የክልሉን መመሪያ ደረጃዎች ይከተል። ሥልጠናው በተግባር ፋይል ይሆናል፤ ቦታው ሁልጊዜ ደብረ ብርሃን አይሁን፣ አንዱ ዙር ሸዋ ሮቢት ይደረግ (ለሙቀቱም ይበጃል)። የሠለጠነ ፈራሚ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንዳይዛወር እንጠይቃለን። ይህን መምሪያው ብቻውን የሚወስነው ስላልሆነ ሲቪል ሰርቪስንም በግልባጭ እናሳውቅ። ተተኪው፣ ሰሌዳውና የሕግ ባለሙያዋ ሦስት መስመር ገብተዋል። ያለሥልጣን የታዘዘ ዕቃ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኗል።
ጋሼ፣ አሁንስ?

ጋሼ ከመሐል ሜዳ፦
«አልፈርምም» የምትለዋ መስመር ወደ ላይ ትውጣ፤ ከብሩ ጣሪያ በፊት። ከዚያ እኔም አለሁበት።

አስተባባሪ፦
ወጥታለች። ዓርብ ጠዋት ንጹሑን ግልባጭ አመጣለሁ። የዓለም ከተማው፣ ያን የአልጋና የወንበር ሰነድ ካለህ ላክልኝ፤ ለሥልጠናው የመጀመሪያ ፋይል ይሆናል።

ከዓለም ከተማ፦
ስሜን አጥፍቼ እልካለሁ።